አርባ ወኪልና አንድ ሰው

በዋርካ በር ከተማ ንግድ ምክር ቤት አዳራሽ አርባ አንድ ወንበር አለ። ሰው የሚቀመጠው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ። እንድሪስ ይመር እባላለሁ፤ ጎማ ነጋዴ ነኝ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።

በቀሩት አርባ ወንበሮች ላይ ወኪሎች አሉ። ነጋዴው አዳማ ወይም ዱባይ ወይም ልጆቹ ዘንድ ተቀምጦ፣ ወኪሉ ይገዛለታል፣ ይሸጥለታል፣ ይሰበሰብለታል፣ ድምፅ ይሰጥለታል። ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው፤ አካል የለውም። ሲናገር ወንበሩ ጀርባ ላይ ያለች አረንጓዴ መብራት ትበራለች፣ በቃ። የሰው ድምፅ ማስመሰል በሕግ ስለተከለከለ አርባዎቹም የሚናገሩት በአንድ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል፣ ጉንፋን ይዞት የማያውቅ ድምፅ። ሲከራከሩ አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር።

ከአርባዎቹ የዘጠኙ ባለቤቶች ሞተዋል። ልጆቻቸው ወኪሉን ምን በወጣቸው ያቆሙታል? ይነግዳል፣ ያስገባል። ሐጂ ሙሔ ከሞቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። ከጎሚስታነት አንስተው ሱቅ ያስከፈቱኝ፣ ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ወኪላቸው ግን አንድም ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም፤ ወንበሩም ከእኔ ቀጥሎ ነው። አንድ ቀን ዞር ብዬ “ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?” ስለው “እባክዎ ከአጀንዳው ጋር የተያያዘ ጥያቄ ያቅርቡ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብዬው አላውቅም።

የእኔ ሥራ ምን መሰላችሁ? መገኘት ነው። የክልሉ ሕግ የንግድ ምክር ቤት ውሳኔ እንዲጸና ቢያንስ አንድ አባል በአካል ይገኝ ይላል። ከተማው ውስጥ የቀረሁት አባል እኔ ብቻ ስለሆንኩ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ሁለተኛው ሥራዬ መመረቅ ነው። ይሄኛው የመጣው ከሕግ ሳይሆን ከራሳችን ነው። ወኪሎቹ ሲመጡ መተዳደሪያ ደንቡን እንደገና የጻፉት የስልሳ ዓመት ቃለ ጉባኤያችንን አንብበው ነበር። የእኛ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው “ስብሰባው በምርቃት ተከፈተ” ብሎ ነው የሚጀምረው። እነሱም ያለ ምርቃት ስብሰባ የሚባል ነገር የለም ብለው ደመደሙ። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ ስብሰባ የሚከፈተው አንጋፋው አባል ሲመርቅና በአካል የተገኙት ሲቀበሉ ነው። የኛ አገር ሰው ግማሹ አሜን፣ ግማሹ አሚን ይላል፤ ደንቡ ሁለቱንም ይቀበላል። እናም በየወሩ፣ ረቡዕ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተነሥቼ፣ እጄን ዘርግቼ እመርቃለሁ፤ ቀጥዬም እኔው አሚን እላለሁ። ራሱ ዘፍኖ ራሱ እስክስታ እንደሚወርድ ሰው ማለት ነው።

ጎማ ነጋዴ ነኝ አልኩ እንጂ ጎማ ከነካሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ለሱቄ እኔም ወኪል አለኝ። ወደብ ላይ ይገዛል፣ እዚያው ወደብ ላይ ይሸጣል፣ ማታ ማታ “ዛሬ መልካም ውለናል” ይለኛል። የት ነው የዋልነው? እኔ የዋልኩት እዚሁ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ በፈጣኑ መንገድ ሹፌር የሌላቸው ተሳቢዎች በየአርባ ሴኮንዱ ያልፋሉ። ድሮ አንድ ተሳቢ ሲገባ ሹፌሩ ይበላል፣ ረዳቱ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማ ይነፋል፣ አልጋ ይያዛል፤ ዋርካ በር የተቆረቆረችው በዚያ ነው። የዛሬው ተሳቢ ግን ምሳ አይበላ፣ አይደክመው፣ አልጋ አይዝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የዋናው መንገድ ሱቆች መዝጊያ በሙሉ በአንድ ጊዜ ግርርር ብሎ በራሱ ይነሣል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ ይወርዳል። ፈቃድ ለማሳደስ ሱቅ በሥራ ሰዓት ክፍት ይሁን የሚል ሕግ ስላለ ነው። ውስጣቸው ባዶ ነው። በፊት በፊት በዚያ ሳልፍ ልማድ ሆኖብኝ “እንዴት ዋላችሁ” እል ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ምሳ የምበላው እናኑ ጋ ነው። እናኑ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምግብ ቤቷ ድሮ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ነበረው፤ የሹፌር መዓት ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ የምታሰናዳው አንድ ጠረጴዛ ነው፣ ለእኔ። እሷ ክርስቲያን እኔ እስላም ስለሆንን ሥጋዋን አልበላም፤ ሽሮና ምስር ግን የማንም ነው፤ ሃያ ዓመት እሱን በልተናል። ካልመጣሁ ደጄ ድረስ መጥታ “ጋሽ እንድሪስ፣ ሽሮው በረደ፣ አንቱን ለመጠበቅ ስል እኔ በራብ ልሙት?” ትላለች። በቀን ውስጥ ስሜን የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት።

እናኑ ኩላሊቷ አይሠራም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አውቶቡስ መጥቶ ኮምቦልቻ ይወስዳታል፣ ታጥባ ትመለሳለች። አውቶቡሱ የሚገባው ከፈጣኑ መንገድ በሚታጠፈው መውጫ ነው። ሌላ መግቢያ የለንም፤ የአሮጌውን መንገድ ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ቆይቷል።

ያንን መውጫ ያመጣነው እኛ ነጋዴዎቹ ነን። በ2043 ዓ.ም. ክልሉ መንገዱን ሲያሠራ ዋርካ በርን ዘሎ ሊያልፍ ነበር። ሐጂ ሙሔ አዳራሹን ሞልተውት “ሱቃችንን እንዝጋ” አሉ። ሦስት ቀን ዘጋን፤ ስኳር የለ፣ ሳሙና የለ፣ ጎማ የለ። እኔ ያኔ የአርባ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ ሦስት ቀን ዐይኔን ሳልከድን ከዚህ ቢሮ እዚያ ቢሮ ስሯሯጥ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ፈቀዱልን። ንግድ ምክር ቤት ማለት ያኔ እንደዚያ ነበር፤ ስለ ከተማው ይጣላ ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ጸሐፊው አጀንዳ ላከልኝ። ጸሐፊው የምለው ከአዳራሹ ጣሪያ የሚናገረውን ነው፤ እሱም ድምፁ እንደ አርባዎቹ ነው። ክልሉ የንግዱን ማኅበረሰብ አስተያየት ጠይቋል፤ የዋርካ በር መውጫ ይዘጋ ወይስ ይቆይ? እስከ ሰኔ ሠላሳ አስተያየት ካልደረሰው መውጫው ለአምስት ዓመት ባለበት ይቀጥላል። አጀንዳውን ለእናኑ አነበብኩላት። እጇን በመቀነቷ ጠረገችና ተቀመጠች።

“ቢዘጋስ?” አለችኝ።

“አውቶቡስ የለማ።”

“እንግዲያው እኔ ሐዋሳ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ልውል። አንቱስ?”

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያሰብኩት ስለ ኩላሊቷ ብቻ አልነበረም። ስለ ራሴም ነበር። እሷ ከሄደች በዚህ ከተማ ከእኔ ጋር የሚያወራ ሰው የለም። እርግጥ ሁለት መቶ አሥር ነዋሪ አለ ይባላል፤ የመጋዘን ጠባቂና የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አጣቢ፣ በየወሩ የሚቀያየር፣ ጆሮው ላይ ነገር ሰክቶ የሚውል። ፈራሁ።

ከዚያ አንቀጽ ዘጠኝ ትዝ አለኝ። “አብሽሪ እናኑ” አልኳት። “እኔ ካልመረቅሁ ስብሰባ የለም።”

“ወይ አንቱ! በዚህ ዕድሜ አድማ?” ብላ ሳቀች።

በመጀመሪያው ረቡዕ ገብቼ ተቀመጥኩ። ብቀር የመመረቁ ተራ ወደ ሌላ ያልፋል፤ በአካል የሚገኝ አባል ከሌላ ከተማ በአበል ያመጡ ነበር። ስለዚህ መገኘት ነበረብኝ፣ ዝም ማለት ደግሞ ነበረብኝ። ጸሐፊው “ጋሽ እንድሪስ፣ ምርቃቱን ቢጀምሩልን” አለ።

“አልመርቅም።”

ለሁለት ደቂቃ ያህል አንድም መብራት አልበራም። ምርቃት የሚከለክል ሽማግሌ በስልሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ ውስጥ አልገጠማቸውማ! በመጨረሻ ጸሐፊው “ስብሰባው ስላልተከፈተ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል” አለ። እየሳቅሁ ወጣሁ፤ የዚያን ቀን ሽሮዬን በሁለት እንጀራ በላሁ።

በሁለተኛው ረቡዕ ሊያግባቡኝ ሞከሩ። መብራቱ ከወንበር ወንበር እየዘለለ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀጥላል። አንድ አውቶቡስ ለማሳለፍ አምስት መቶ ተሳቢ ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ይህም የክልሉን የወጪ ንግድ እንደሚጎዳ፣ ከጎረቤት ክልል ጋር ያለንን ውድድር እንደሚያዳክም አስረዱኝ። ውሸት አልነበረም። ክፋትም አልነበረበትም፤ እሱ ነው የሚያናድደው።

“ለከተማው ልማት ሲባል እንጠይቅዎታለን” አለ አንደኛው።

“ለየትኛው ከተማ? ለአዳማ ነው?” አልኩ። “ለመሆኑ ከአባላቱ ስንቱ ዋርካ በር ይኖራል?”

“አንድ አባል።”

“በሉ እንግዲያው እሱ ተቃውሟል።”

“የአንድ አባል ድምፅ አንድ ነው” አለኝ ጸሐፊው በትሕትና። እሱም እውነት ነበር። ዳግመኛ ተላለፈ።

ሦስተኛው ረቡዕ ሰኔ ሃያ ስምንት ዋለ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። እናኑ ጠዋት ደጄ ድረስ መጥታ “አንቱ፣ ዛሬ ደግሞ አያስቁኝ፣ ጠንከር ይበሉ” አለችኝ። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር እንዳወጣች፣ ግን ምንም እንዳልከተተችበት ነገረችኝ።

እንደተቀመጥኩ ከጎኔ ያለው መብራት በራ። የሐጂ ሙሔ ወኪል ነው።

“በአባላት መዝገብ መሠረት አንጋፋው አባል ጋሽ እንድሪስ አይደሉም” አለ። “አንጋፋው ሐጂ ሙሔ ናቸው። አባልነታቸው ተሰርዞ አያውቅም። ዘንድሮ መቶ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።”

“አላህ ይማራቸው፣ ሞተዋል እኮ!” አልኩ ጮክ ብዬ።

“ደንቡ ስለ ሞት የሚለው ነገር የለም” አለ ጸሐፊው። “የሐጂ ሙሔ ምርቃት በመዝገብ ቤታችን በድምፅ ቅጂ ይገኛል። ሰኔ 5 ቀን 2043 ዓ.ም.። ይሰማ?”

አርባ መብራት በአንድ ጊዜ በራ። ይሰማ።

እኔም አልደነገጥኩም። ይመርቁ፤ የሚቀበለው ግን በአካል የተገኘው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። አሚን ካላልኩ አይከፈትም። ጥርሴን ነከስኩ፣ እጄን ከጭኔ ሥር ከተትኩ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ምን አቃተኝ አልኩ።

መጀመሪያ የተሰማው የወንበር መንቋቋት ነው። ከዚያ ሳል። ከዚያ የብዙ ሰው ወሬ፣ ሳቅ፣ አንዱ “ዝም በሉ እንጂ፣ ሐጂ ሊመርቁ ነው!” ሲል። ወርቅነህ ነው፣ የብረታ ብረቱ። አወቅሁት። ሸምሱ ከኋላ የሆነ ነገር ሲቀልድ፣ ሰው ሲስቅ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ዐይኔን ጨፈንኩ። በስንት ዓመቴ የተለያየ ድምፅ ሰማሁ!

ከዚያ ሐጂ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው፦

“አላህ ይስማን። የነገድነውን በረካ ያድርግልን።”

“አሜን!” “አሚን!” አዳራሹ ተናጋ።

“ተጣልተን አንለያይ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ።”

“አሜን!” “አሚን!”

አሚኑ አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም ብዬ አላውቅም። እንደ ማስነጠስ ነው፣ ሲይዙት ያማል።

“ልጆቻችሁ ከደጃችሁ አይራቁ። መንገዱ የሚያመጣ እንጂ የሚወስድ አይሁን።”

“አሜን!” “አሚን!”

ከንፈሬን ነከስኩ። ደም ደም አለኝ። እናኑን አሰብኩ፣ ሻንጣዋን አሰብኩ። ሊያልቅ ነው፣ በርታ አልኩ።

“አሁን ደግሞ” አሉ ሐጂ፣ “ያን እንድሪስን እዩልኝ። ለዚህ መንገድ ሲል ሦስት ቀን ያልተኛ ልጅ ነው። ና ወዲህ፣ ተነሥ። እደግ በሉልኝ። ልጄ፣ እኛ አርጅተናል፣ እንሄዳለን። አንተን አላህ ብቻህን አያስቀርህ!”

“አሚን!” አልኩ።

ቆሜ ነበር። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ሁለት እጄ ተዘርግቶ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት።

ቅጂው ቀጥ አለ። “ስብሰባው ተከፍቷል” አለ ጸሐፊው። መውጫው ይዘጋ በሚል አርባ፣ ይቆይ በሚል አንድ። አራት ደቂቃ ፈጀ።

እናኑ ጋ ገባሁ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ አንድ ሳላስቀር። ስጨርስ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

“ ‘ብቻህን አያስቀርህ’ ተብሎ ዝም ይባላል እንዴ?” አለች። “ነውር ነው። እኔም እል ነበር።”

“እናኑ፣ ገደልኩሽ እኮ።”

“ይተው እንግዲህ! ሐዋሳም የሚያጥብ ማሽን አለ። ሄድኩ እንጂ አልሞትኩም።” ከዚያ ፊቷን አዞረችና ድስቱን ማማሰል ጀመረች፤ ባዶ ድስት ነበር።

መውጫው የሚዘጋው ሐምሌ አሥር ነበር። ቅዳሜ ሐምሌ ስምንት በመጨረሻው አውቶቡስ ሄደች። ሽሮ ዱቄት በላስቲክ አስራ ሰጠችኝ፣ አሠራሩንም ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ውሃው ሳይፈላ እንዳልጨምር፣ እንዳይጓጉል። አውቶቡሱ ሹፌር ስለሌለው “ትንሽ ቆይ” የሚሉት ሰው የለም። በሩ በሰዓቱ ተዘጋ። እጇን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ሄደች። እኔ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማን አይቶኝ፣ ማን ሊያፍርብኝ?

በአራተኛው ቀን ደወልኩላት። አነሣችው ብዬ ደስ ሲለኝ “ጤና ይስጥልኝ ጋሽ እንድሪስ” አለ ያ ድምፅ። ያው ጥርት ያለው፣ የማይቸኩለው። “እኔ የወይዘሮ እናኑ ወኪል ነኝ። እንዳይደክማቸው ብለው ልጃቸው ናቸው ያስገቡኝ። ወይዘሮ እናኑ ደህና ናቸው፣ ዛሬ ታጥበዋል፣ ሰላም ብለዎታል። እርስዎስ እንዴት ነዎት?”

“አቅርብልኝ” አልኩት።

“እያረፉ ነው። መልእክትዎን አደርሳለሁ።”

ስልኩን ዘጋሁ። ሽሮዬን ሠራሁ፣ ጓጎለ። ሳልበላው ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

“ጸሐፊ” አልኩ ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ። “ያንን የሐጂን ምርቃት አሰማኝ። ያኔ ከቆረጥክበት እንድታልፍ፣ እስከ መጨረሻው።”

“ቅጂው የሚሰማው ለስብሰባ መክፈቻ ብቻ ነው።”

“እንግዲያው ስብሰባ ጥራ።”

“አጀንዳ?”

“ያላችሁን አምጡ።”

አርባ መብራት በራ። ወንበሩ ተንቋቋ፣ ሰው ሳለ፣ ወርቅነህ “ዝም በሉ እንጂ” አለ። ለሁሉም ምርቃት ተነሥቼ አሚን አልኩ። ከእኔ አሚን በኋላ ያልሰማሁት ነገር ነበር፤ ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ ከዚያ ከበሩ በኩል የአንዲት ሴት ድምፅ፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ድምፅ፣ እየሳቀች፦ “በሉ በቃችሁ፣ ሽሮው በረደ!” እናኑ ናት። ለካ የዚያን ቀን ምሳውን ያመጣችልን እሷ ነበረች፤ ረስቼው ኖሯል።

በሐምሌ ብቻ አሥራ አንድ ስብሰባ ከፈትን። የጤና ጣቢያውን ጉዳይ ወስነዋል፣ የትምህርት ቤቱንም መሰለኝ። አሚን ካልኩና እናኑን ከሰማሁ በኋላ ያለውን አላዳምጥም፤ እጄን ለተቃውሞ አወጣለሁ፣ አርባ ለአንድ ይባላል፣ እወጣለሁ።

ትናንት ስወጣ ጸሐፊው ጠራኝ።

“ጋሽ እንድሪስ፣ የቀረን አጀንዳ አንድ ብቻ ነው” አለኝ። “በዋርካ በር የነዋሪዎችን ውሃና መብራት ማቋረጥ። ነዋሪው ስላነሰ ወጪው አያዋጣም። እርስዎንም ይመለከታል። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ስብሰባ አያስፈልገውም። ለነገ ይጠራ?”

በሩ ላይ ቆሜ ጥቂት አሰብኩ። ቤቴ ያለው ሽሮ ለሁለት ቀን ይበቃል።

“ይጠራ” አልኩት። “ግን በጊዜ ይሁን፤ ሐጂ ማርፈድ አይወዱም።”